መብራትና ኔት በሚያስቸግርበት ከተማ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን

የእህቴ ልጅ እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ነው የምትማረው። አንድ ቅዳሜ ትንሽ ላፕቶፕ ታቅፋ ቤት መጣች። «ጋሼ፣ ይቺን ነገር ወይ አድናት ወይ ሽጣት» አለችኝ። ስክሪኗ 11 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ራሟ 4 ጂቢ፣ ማከማቻዋ 64 ጂቢ ብቻ። ዊንዶው 10 ተጭኖባታል። ለመነሳት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ትቆያለች። ከተነሳች በኋላ ደግሞ ከስልክ ዋይፋይ ካገኘች ማንንም ሳትጠይቅ አፕዴት ታወርዳለች። የልጅቷ የወር ጥቅል በአራተኛው ቀን ያልቃል።

አልሸጥኳትም። ሊኑክስ ጫንኩባት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ ተራ በተራ እየመጡ አስጨርሰውኛልና አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። መጫኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት ነው። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ነው። ዳታ ውድ በሆነበት፣ መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ከተማ ዝግጅቱን ያልጨረሰ ሰው መሐል ላይ ይቀራል። እኔም ቀርቼ አውቃለሁ፤ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ሊኑክስ ምንድን ነው ለምትሉ፣ እንደ ዊንዶው ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። አስኳሉን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያለ ሰው በደቦ ሲያርሰው ኖሯል። ክፍያ የለውም። ክራክ ፍለጋ የለም። «ዊንዶውህን አክቲቬት አድርግ» የሚል ጽሑፍ ስክሪን ጥግ ላይ አይጋረጥም።

ለምን አሁን? ዊንዶው 10 ነጻ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶው 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ በወረቀት ላይ ለጥቂት ታልፍ ይሆናል። በተግባር ግን ትታነቃለች።

መጀመሪያ፣ የማይሆናችሁ ካላችሁ

አካውንቲንግ የምትማሩና ፒችትሪ ግድ የሚላችሁ ከሆነ ዊንዶውን አታጥፉት። ፒችትሪ ለዊንዶው የተሠራ ነው። ፎቶሾፕም እንደዚያው። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ደግሞ በሊብሬኦፊስ ይተካል። ሊብሬኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ በዚያው ዓይነት መልሶ ያስቀምጣል። የተወሳሰበ ሠንጠረዥ ያለው ጽሑፍ ግን አንዳንዴ ከመስመሩ ይንሸራተታል። አማካሪያችሁ ወርድ ብቻ የሚል ሰው ከሆነ የመጨረሻውን ቅጂ ከማስገባታችሁ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት። ኤስፒኤስኤስ ለምትጠቀሙ ፒኤስፒፒ የሚባል ነጻ ምትክ አለ። የኤስፒኤስኤስን የዳታ ፋይል ይከፍታል፤ ለመደበኛ ትንተና ይበቃል።

የትኛው ሊኑክስ?

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። ትንሽ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ምርጫው ጠባብ ስለሆነ አትጨነቁ።

ራማችሁ 4 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ ከሚንትም ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ውሰዱ። ሚንት ሲናሞን የሚባል ሌላ መልክም አለው። ያምራል፤ ለትንሽ ማሽን ግን ከባድ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ታች በግራ ሜኑ አለ፣ ከሥር መስመር አለ። ዊንዶው የለመደ እጅ አይጠፋበትም። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ማሽኑ ቢያንስ 2 ጂቢ ራምና 20 ጂቢ ማከማቻ ሊኖረው ይገባል ይላሉ ሠሪዎቹ። እኔ 2 ጂቢ ላይ አልመክረውም። በእሱ ልክ ሉቡንቱ የሚባለው ቀለል ያለ ሊኑክስ ይሻላል።

ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ጥቃቅን ላፕቶፖች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ኢንቴል አቶም ኤን 270 የሚባል ፕሮሰሰር ነበራቸው። እሱ 32 ቢት የሚባለው የድሮው ዓይነት ብቻ ነው፤ የዛሬዎቹ 64 ቢት ናቸው። የዛሬ ሚንትም ሉቡንቱም አይነሱበትም። ለእነዚያ አንቲኤክስ 23 የሚባለው ወይም ዴቢያን 12 አለ፤ ሁለቱም የ32 ቢት ቅጂ አላቸው። ዴቢያን 13 ግን 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ አይጫንም፤ እንዳትሳሳቱ።

የእናንተን ለማወቅ ዊንዶው ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለው መስመር ላይ ፕሮሰሰሩ ኤክስ 64 ነው ካለ 64 ቢት ነው። ዊንዶው ራሱ 32 ቢት ሆኖ ፕሮሰሰሩ 64 ሊሆን ስለሚችል የምታዩት የፕሮሰሰሩን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሚንት ኤክስኤፍሲኢ ነው የሚሄደው።

ማውረዱ

ፋይሉ 3 ጂቢ ገደማ ነው። ይሄን በስልክ ዳታ በቀን ማውረድ አቅልን መሳት ነው። መጀመሪያ ጠይቁ። ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው አንዱ ጋ አይጠፋም። አንድ ሰው ካወረደው ለመቶ ሰው በፍላሽ መቀባበል ይቻላል። ሕጋዊም ነው፤ ፈቃዱ ራሱ አከፋፍሉት ይላል። የሚያካፍል ካጣችሁ በግቢው ዋይፋይ ወይም በሌሊት ጥቅል አውርዱ።

ስታወርዱ ከሚንት ዋና ገጽ ላይ ቶረንት የሚለውን ምረጡ። ቶረንት ሲባል የተሰረቀ ፊልም ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ የማውረጃ መንገድ ነው። ኔት ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እያንዳንዷንም ቁራጭ እየፈተሸ ነው የሚያስገባው። ለኛ ኔት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላ መንገድ ያገኛችሁትን ፋይል ግን ፈትሹ። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የገቡ ሰዎች ማውረጃውን ወደ ተመረዘ ቅጂ አዙረውት ነበር። በቶሎ ተደረሰበት። ትምህርቱ ግን ቀረ። አፈታተሹ እንዲህ ነው፦ ሰቨን ዚፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያለበት ዊንዶው ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ተጫኑ። «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» ከሚለው ውስጥ «ኤስኤችኤ 256» ምረጡ። ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይወጣል። ሚንት ገጽ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉን ጣሉት።

ፍላሹ

8 ጂቢ ፍላሽ ይበቃል። 16 ቢሆን ጥሩ። የማከማቻችሁን ያህል መጠን ያለው ግን አትጠቀሙ፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሰርግ ቪዲዮ ካለበት ቀድማችሁ አውጡት።

ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ስትገዙ በዋጋው አትታለሉ። ላዩ ላይ 512 ተጽፎ ሆዱ 8 የማይሞላ ፍላሽ አለ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲጻፍበት ችግር የለም ይላል፤ ሲነበብ ነው የሚያዋርደው። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል።

ወደ ፍላሽ ለመጻፍ ዊንዶው ላይ ሩፈስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ክፈቱት፣ ከላይ ፍላሹን ምረጡ፣ «ሴሌክት» ብላችሁ የሚንትን ፋይል አሳዩት፣ «ስታርት» በሉ። እንዴት ልጻፈው ብሎ ሲጠይቅ የሚመክረውን ተቀበሉ። በዚያ የተጻፈው ፍላሽ አልነሳ ካለ መልሳችሁ ጻፉና በዚህኛው ዙር «ዲዲ» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተር ጭራሽ ከሌላችሁ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ይበቃል። ኤችድሮይድ የሚባል ክፍት አፕ አለ። ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ ስልኩ ላይ ሰክታችሁ ትጽፉበታላችሁ።

ፋይላችሁን አውጡ

ሁሉም ይሄን ይዘላል። ሁሉም ይጸጸታል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት እናቶቻችን ላፕቶፕ አይተው አያውቁም፤ ግን ያሉት ይሄን ነው።

ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትን፣ ዳውንሎድንና ፎቶዎችን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። መጫኛ የተደረገው ፍላሽ ላይ እንዳይሆን። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ ካለ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቴሌግራም ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ስላለ አይጠፋም። ከገለበጣችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ፋይል ከዚያው ከተገለበጠበት ከፍታችሁ አረጋግጡ። የእህቴ ልጅ «ሁሉንም ገልብጫለሁ» ብላኝ ነበር። ገልብጣ የነበረው የዴስክቶፑን ሾርትከት ነው። ዕድሜ ለመጠራጠር፣ ሪሰርቿ ዛሬም አለ።

ዊንዶውንም ሊኑክስንም አንድ ላይ ላኑር የምትሉ፣ ማከማቻችሁ 64 ጂቢ ከሆነ ተዉት። ሁለት ወዶ አይሆንም። ሁለቱም ይጨናነቃሉ። 250 ጂቢ እና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ይችላል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ዊንዶው ውስጥ «ፋስት ስታርታፕ» የሚለውን ያጥፋ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ ያውጣ።

መብራት

ቃል የገባሁት ታሪክ ይሄውላችሁ።

እኔ ራሴ አንዲት ባለ 10 ኢንች ላፕቶፕ አለችኝ። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሲቆረቁር አብራ የነበረች ነው የምትመስለው። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል። ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ድርግም ትላለች። ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት ሰማዩ በአዘዞ በኩል ጠቁሮ እያየሁ መጫን ጀመርኩ። መስመሩ 80 በመቶ ደርሶ ነበር። ነጎድጓድ። ጨለማ። መብራት የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ላፕቶፗን ስከፍታት ዊንዶውም የለ፣ ሊኑክስም የለ። የሚነሳ ነገር አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ላፕቶፑ የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። መጫኛ ፍላሹ እስካለ ድረስ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ፋይላችሁን ካወጣችሁ የሚጎዳችሁ የግማሽ ሰዓት ድካም ብቻ ነው። እኔም በማግስቱ እንደዚያው አደረግኩ።

ስለዚህ፣ ባትሪው የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ አድርጉት፤ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይቆይ። ባትሪው የሞተ ከሆነ ጀነሬተር ወይም ኢንቨርተር ያለበት ቤት ሂዱ። እሱም ከሌለ ከዝናብ በፊት፣ በጠዋት ጀምሩ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመለስ ገፍቶ የመጣ ጉልበት ቻርጀር ያቃጥላል።

ማስነሳት

ላፕቶፑን አጥፉ። ፍላሹን ሰኩ። አብሩና ወዲያው የቡት ሜኑ፣ ማለትም ከየት ልነሳ የሚለውን ዝርዝር የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው፤ ካልሆነ መጀመሪያ ኢስኬፕ። ዴልና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12። አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ጎናቸው ላይ በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 የሚሠራው ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶው በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ከተፈቀደለት ነው፤ ባዮሱን በኤፍ 2 ትከፍታላችሁ። ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ አንዳንዴ ከኤፍ ቁልፉ ጋር «ኤፍኤን» የሚለውንም መያዝ ያስፈልጋል።

ዝርዝር ሲመጣ የፍላሹን ስም ምረጡ። ፍላሹ ካልታየ ወይም የደህንነት ማስጠንቀቂያ ከወጣ ባዮስ ገብታችሁ «ሴኪዩር ቡት» የሚለውን አጥፉት። ባዮስ ውስጥ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ሊኑክስን የምወድለት አንዱ ነገር ይሄ ነው። ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ሸሚዝ ለክቶ እንደመግዛት ነው። ዊንዶው እስካሁን በቦታው አለ፤ አልተነካም።

ቸኩላችሁ «ኢንስቶል» የሚለውን አትጫኑ። ሻይ አፍሉና አንድ ሰዓት ተጠቀሙበት። ዋይፋዩ ይታያል? ድምፅ አለ? ጣት መዳሰሻው ይሠራል? ብርሃኑ ይጨምራል ይቀንሳል? ካሜራውስ? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነቃል? ከፍላሽ ስለሚሠራ ዘገም ይላል፤ ከተጫነ በኋላ እንዲያ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዋይፋይ ነው። ብሮድኮም የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ላፕቶፖች ተጨማሪ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ድራይቨሩን ለማውረድ ኔት ያስፈልጋል፤ ኔቱ ደግሞ በዋይፋይ ነው የሚመጣው። እንቁላሏ ወይስ ዶሮዋ? መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጅ ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ስልኩ ላይ ሆትስፖት ካለበት ገብታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። ሊኑክስ ያለምንም ድራይቨር እንደ ኬብል ኔት ያየዋል። ከዚያ ሜኑ ውስጥ «ድራይቨር ማናጀር» ክፈቱ፤ የሚጎድለውን ይነግራችኋል።

መጫን

አሁን ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል» ሁለቴ ጫኑ።

ቋንቋ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ምረጡ። ሲበላሽ መፍትሔ የምትፈልጉት በእንግሊዝኛ መልእክት ነው፤ አማርኛ መጻፊያውን በኋላ እንጨምራለን። ኪቦርድ፣ «ኢንግሊሽ ዩኤስ»። ቀጥሎ የሙዚቃና የቪዲዮ ማጫወቻ ኮዴክ ልጨምር ወይ ይላል። ኔት ካላችሁ አዎ በሉ። ከሌላችሁ ዝለሉት፤ በኋላ ሜኑ ውስጥ ይገኛል።

ስክሪናችሁ እንደ እኔዋ ባለ 10 ኢንች 600 ነጥብ ብቻ ቁመት ካለው፣ «ኮንቲኒው» የሚለው ቁልፍ ከታች ተቆርጦ ላይታይ ይችላል። እኔ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን አፍጥጬ ውያለሁ። «ኦልት» የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ መስኮቱን በማውዝ የትም ቦታ ያዙና ወደ ላይ ጎትቱት። ቁልፉ ብቅ ይላል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ፦ የት ልጫነው? «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ሁሉን አጥፍቶ ብቻውን ይገባል። ዊንዶው ለማይፈልግ ሰው ቀላሉ እሱ ነው። «አሎንግሳይድ» የሚለው ከዊንዶው ጎን ያስገባዋል። ሦስተኛውን፣ በእጅ መከፋፈሉን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት።

ከመቀጠላችሁ በፊት የትኛው ዲስክ እንደተመረጠ እዩ። ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ የውስጡ ማከማቻ ስም ከተለመደው ሃርድ ዲስክ ስም የተለየ ስለሆነ ሰው ግራ ይገባዋል። ስሙን ተዉት፤ መጠኑን እዩ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ 64፣ ፍላሹ 16። በቃ፣ መሳሳት የለም። ሁለቱም 64 ቢሆኑ ኖሮ ላብ በላብ እንሆን ነበር።

ሰዓቱን ለመምረጥ ካርታው ላይ አዲስ አበባን ንኩ። ላፕቶፑ ጠዋት 7 ሲል እኛ 1 ሰዓት ነን፤ እሱን ከስልካችሁ ለምዳችሁታል። ስምና ፓስወርድ ሙሉ። ፓስወርዱን አትርሱት፤ ወደፊት ፕሮግራም በጫናችሁ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ዶርም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ሲነሳ ፓስወርድ ይጠይቅ የሚለውን ምረጡ።

አሁን ይገለብጣል። እንደ ማሽኑ ከ15 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ አሮጌዎቹ ላይ ከዚያም በላይ። ክዳኑን አትዝጉ። ሲጨርስ ልነሳ ይላል፤ ፍላሹን ንቀሉ ሲላችሁ ንቀሉና «ኢንተር» ምቱ።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ስትነሳ ልጅቷ ሰዓት ይዛ ነበር። አንድ ደቂቃ አልሞላም። «ይሄ የኔው ነው?» አለች።

ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ ከሞተች ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ ብራውዘሩ ገጾችን «አይታመኑም» እያለ አይከፍትም። ሰው ኔቱን ይረግማል፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ቀኑን አስተካክሉ። ደጋግሞ ከሸሸ ባትሪዋን አስለውጡ፤ ላፕቶፕ የሚጠግን ሁሉ ያውቃታል።

ቀጥሎ «አፕዴት ማናጀር»። የመጀመሪያው ማሻሻያ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድርጉት። ከዊንዶው የሚለየው እናንተ እሺ ካላላችሁ ማሻሻያውን አይጭንም። ምልክቱ ከታች ጥግ ሆኖ ይጠብቃል። ግን ለወራት አትተዉት። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ ዩብሎክ ኦሪጅን ጨምሩ። ማስታወቂያ ሲቀር ዳታም ይተርፋል፣ ትንሹ ራምም ይተነፍሳል።

«ታይምሺፍት» የሚባለው የሥርዓቱን ቅጂ እየያዘ የተበላሸን ነገር ወደ ኋላ ይመልሳል። 64 ጂቢ ላይ ከሁለት ቅጂ በላይ አታስይዙት። 32 ጂቢ ላይ ጭራሽ ተዉት፤ ቦታውን ይጨርሰዋል።

አማርኛ። ማንበቡ ችግር የለውም፤ ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ፣ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ለመጻፍ «ሲናፕቲክ» የሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ ከሜኑ ክፈቱ፣ «አይባስ ኤም 17 ኤን» (ibus-m17n) ፈልጋችሁ ጫኑ። ከዚያ «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ። የአይባስ ምርጫዎች ውስጥ «አድ»፣ «አማርኛ»፣ «ሴራ»። የዊንዶው ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። አጻጻፉ በድምፅ ነው። ጎንደር ለማለት ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር። ሸ በኤክስ ነው። ጠ በትልቁ ቲ፣ ኘ በትልቁ ኤን። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ሁለት ሦስት ቀን ይሰናከላል፣ ከዚያ ይለምዳል።

በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ጽሑፍ ከከፈታችሁ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይታያችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም። ያ ጽሑፍ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበረው መንገድ የተጻፈ ነው፤ ፎንቱን ይፈልጋል። የፎንቱን ፋይሎች ከድሮው ኮምፒውተራችሁ አምጡ። «ሆም» ፎልደር ውስጥ ከፊቱ ነጥብ ያለው «ፎንትስ» የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፍጠሩና ጨምሯቸው። ነጥቡ ፎልደሩን ስለሚደብቀው ለማየት «ኮንትሮል»ና ኤች ትጫናላችሁ። ሊብሬኦፊስን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ጽሑፉ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጥቅም ያልጠበቅኩት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያርፋሉ። ለዊንዶው የተሠራ ቫይረስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ፍላሹን ሚንት ላይ ስትሰኩ የተደበቁት እውነተኛ ፋይሎች ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር ውስጥ ተከማችተው። ወደ ላፕቶፑ ገልብጧቸው፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት፣ መልሱላቸው። የእህቴ ልጅ ዶርም ውስጥ አሁን በዚህ ሥራ ትታወቃለች። ሪሰርች ማስረከቢያ ሳምንት ላይ ወረፋ አለ አሉ።

መጫኛ ፍላሹን ግን አታጥፉት። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ከእሱ ተነስታችሁ ፋይላችሁን ታወጣላችሁ። የዘመድ ዊንዶው አልነሳ ሲልም ያገለግላል። የእኔው፣ ያ ባለ 16ቱ፣ «ለአንድ ቀን» ተብሎ ወደ ማራኪ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም።